ፓርከር ማን ነው?

ጋሽ ጥዑመልሳን የተገኙት ሰኞ ጠዋት፣ ቴክሳስ፣ አዲሰን ውስጥ ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ፣ መኪና ማቆሚያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በጎናቸው ተጋድመዋል። ከጆሯቸው በላይ ደም አለ፤ አንድ ጫማቸው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ወድቋል። መኪናቸው የለችም። ያገኘቻቸው ሊና የምትባል የሕንፃው ጥበቃ ናት፤ ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነበር። ጎንበስ ብላ "ጌታው፣ ይሰማዎታል?" ስትላቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠራቸው ዝም።

መርማሪ ዕፀ ሕይወት ፀጋዬ ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዶ፣ የቀረው ደሙና ጫማው ነበር። ዕፀ ሕይወት አሜሪካ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። በጣቢያው አማርኛ የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ስለሌለ፣ ሐበሻ የተነካበት ጉዳይ ሁሉ፣ የተሰረቀ ብስክሌትም ቢሆን፣ ዞሮ ዞሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

"ምን አሉሽ?" አለቻት ሊናን በእንግሊዝኛ።

"ሰው ነው የጠሩት። 'ፓርከር ሮጠ' አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ 'ቶው አድርጉት' አሉ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እዚህ ሕንፃ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቶው የሚለውን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ነው የምሰማው። ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው ያሉት፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት።"

ዕፀ ሕይወት እንዳለችው አድርጋ መዘገበችው፤ ፓርከር ሮጠ፣ መኪናውን ጎትቱት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረማ ማን ይመልሰዋል! ካሜራው የት አለ ብትል፣ የሁለተኛው ፎቅ ካሜራ ከተበላሸ ሦስት ወሩ ነው ተባለች።

ወደ ታች ወረደች። የሕንፃው መግቢያ ላይ ቁልፍ እየተቀበሉ የባለጉዳይ መኪና የሚያቆሙ አራት ቫሌዎች አሉ። አንደኛው ክፍሉ የሚባል የሀገሯ ሰው ነው፤ አርባ ሳይሞላው አይቀርም፣ በሎተሪ ከመጣ ሦስት ዓመቱ። ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል።

"እህቴ፣ ማለቴ፣ እኔ ከዚህ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም" አላት ገና ሳትጠይቀው።

"ሰውዬውን ታውቃቸዋለህ?"

"በሰላምታ። አራተኛ ፎቅ ዓይን ሐኪም ጋ ይመጣሉ። ዛሬ ግን እኛ ጋ መኪና አልሰጡም። መዝገቡን እዪው።"

መዝገቡን አየች። በዚያ ጠዋት የገቡ አርባ አንድ መኪናዎች ከነትኬት ቁጥራቸው ተጽፈዋል፤ የጋሽ ጥዑመልሳን ብርማ ካምሪ ከመሃላቸው የለችም። የሰውዬው ኪስ ውስጥም ትኬት አልተገኘም፤ የመኪና ቁልፍም አልተገኘም።

"ሶ፣ ራሳቸው ናቸው ያቆሙት?"

"ኦኬ፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው" አለ ክፍሉ። ጥቂት ቆይቶ፣ "ነፍሳቸው አለች?" ሲል ጠየቃት።

"አለች። አልነቁም እንጂ።"

"ተመስገን" አለና የሚቀጥለውን መኪና ሊቀበል ሮጠ።

ሆስፒታል ደግሞ የጋሽ ጥዑመልሳን ባለቤት እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። ዕፀ ሕይወት አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ፓርከር የሚባል ሰው ያውቃሉ?"

"ፓርከር?" አሉ ቀና ብለው። "የጎረቤታችን ስም ፖስታው ሳጥን ላይ እንደሱ ነው የሚለው! ምነው?" ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ወይኔ! ባለፈው ሳምንት በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ነበር እኮ። የኛ ቁጥር ላይ እያቆመ አስቸገረን፣ የአፓርታማው ቢሮ ደብዳቤ ጻፈበት። እስር ቤት የነበረ ሰው ነው ይላሉ። እሱ ነው? እሱ ነው አይደል ያደረገው?"

ሰኞ ቀትር ላይ ዳሬል ፓርከር፣ ዕድሜ አርባ ስድስት፣ በአመክሮ የተፈታ፣ ከቤቱ በር ላይ ተይዞ መጣ። ካቴናውን ያጠለቀችለት ራሷ ዕፀ ሕይወት ናት። አለቃዋ ካፒቴኑ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ "ስም አለን፣ ጠብ አለን፣ የቆየ ወንጀል አለን። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አላት።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?" ብላ ጀመረች፣ የምርመራ ክፍሉ ውስጥ።

"ስሮጥ ነበር። በወንዙ ዳር፣ ሁልጊዜ በምሮጥበት።"

ፓርከር ሮጠ! ዕፀ ሕይወት ሳቅም ድንጋጤም መጣባትና ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

"ማን አየህ?"

"ዳክዬዎች።"

"ሽማግሌው ከመውደቃቸው በፊት ስምህን ጠርተዋል።"

"የኔን ስም?"

"ፓርከር ብለዋል።"

ሰውዬው ወደኋላ ተደግፎ ጣራውን አየ። "ይሄ ስም የኔ ይመስልሻል?" አላት። "እስር ቤት ሳለሁ ጊዜ ነበረኝ፣ መጽሐፍ አገላብጬ ፈልጌዋለሁ። ድሮ እንግሊዝ አገር ጌቶች አጋዘን የሚያድኑበት የታጠረ ጫካ ነበራቸው። ፓርክ የሚሉት እሱን ነው። ድሃ ገብቶ አጋዘን እንዳይሰርቅ የሚጠብቀው ዘበኛ ፓርከር ይባል ነበር። የሥራ ስም ነው፤ እንደ እረኛ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ጠባቂ። ከዚያ ልጁም የልጅ ልጁም በዚያው ተጠሩ።"

"አንተስ?"

"የኔ አያት አያት እንግሊዝ አገርን በዓይኑ አላየም። የገዛው ሰውዬ ነው ፓርከር የሚባለው። ነፃ ሲወጣ ሌላ ስም ስላልነበረው የገዢውን ስም ይዞ ወጣ። ሶ፣ አጥር የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ከዚያ ገዢው፣ ከዚያ እኔ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በዚህ ስም የሚጠራ መንገድ አለ፣ ከተማ አለ፣ ካውንቲ አለ። ለምን ሁሉንም አታስሪያቸውም?"

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል የኛ ሰው። የዳሬልን ስም ግን ያወጣው ባለ ባሪያ ነው።

"ያንቺስ?" አላት ደረቷ ላይ ያለውን ስም አይቶ። "ፀጋዬ ምን ማለት ነው?"

"የአባቴ ስም ነው።"

"የራሱ የአባትሽ?"

"የራሱ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ በቃ።"

"ታድለሻል" አላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ስሚኝ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአመክሮ ተቆጣጣሪዬ ዘንድ መቅረብ አለብኝ። እዚህ ታስሬ ካለፈ የቀረኝን ስድስት ዓመት ልጨርስ ነው የምመለሰው። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ስወጣ አሥራ ስድስት ይሆናታል። ያንን ሽማግሌ አልነካሁትም። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ መኪናዬን እዚያ አቁሜ አላውቅም።"

ሁሉም ተጠርጣሪ እንዲህ ይላል። ዕፀ ሕይወት ግን ማክሰኞ ጠዋት ከእንቅልፏ የነቃችው ሌላ ነገር እየከነከናት ነው። ስልክ አነሳችና እትዬ አስካለማርያም ጋ ደወለች።

"እትዬ፣ ጋሽ ጥዑመልሳን ጎረቤታችሁን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?"

"ዳሬል ነዋ። ጠቡ ሳይመጣ በፊት እንኳ 'ዳሩ፣ ዳሩ' ነበር የሚለው፣ እንደ ልጁ።"

"ፓርከር ብለው ጠርተውት ያውቃሉ?"

"ኧረ የምን ፓርከር! በሰው አባት ስም ሰው ይጠራል እንዴ?"

ዕፀ ሕይወት አመስግና ዘጋች። እውነት ነው፤ ሐበሻ ሰውን በአባቱ ስም መቼ ጠርቶ ያውቃል? እሷም የጣቢያው ሰው ሁሉ "ፀጋዬ፣ ፀጋዬ" ሲላት፣ አባቷን የሚጠሩ እየመሰላት ስንት ዓመት ዞር ብላለች። ታዲያ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ጎረቤቱን በፖስታ ሳጥን ስሙ ይጠራል?

"ምናልባት ሰው ላይሆን ይችላል" አለችው ካፒቴኑን። "ቦታ ሊሆን ይችላል። መኪናዋ የተወሰደችበት።"

"ሐሙስ እስኪደርስ ፈልጊ" አላት ትከሻውን ነቅንቆ።

ፈለገች። መጀመሪያ ቶው የሚያደርጉ ድርጅቶች ጋ ደወለች፤ አሥራ አንዱም ብርማ ካምሪ አልጎተትንም አሉ። ከዚያ ፕሌኖ፣ ፓርከር መንገድ ወዳለው የባቡር ጣቢያ ሄዳ ማቆሚያውን በረድፍ በረድፍ ዞረችው። አሥራ ሰባት ብርማ ካምሪ ቆጠረች፤ የቴክሳስ ሰው ሌላ ቀለም የለም የተባለ ይመስል! አንዷም የጋሽ ጥዑመልሳን አይደለችም። ከዚያ በማኪኒ መንገድ ወጥታ ፓርከር ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ገባች፤ ፈረስና ሰፊ ግቢ እንጂ ሌላ የለም። ያገኘችው ፖሊስ "እኛ ጋ መጨረሻ የጠፋው የጎልፍ ጋሪ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ረስቶት ነው" አላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፎርት ዎርዝን አልፋ ፓርከር ካውንቲ ድረስ ነዳች። የተጎተተ መኪና የሚከማችበት ግቢ ውስጥ ሦስት ውሻ ጮኸባት፤ ግቢው ባዶውን ነው።

ስትመለስ እትዬ አስካለማርያም ራሳቸው ደወሉ። "ልጄ፣ ፓርከር እስክርቢቶስ ቢሆን? ከመምህራን ማሠልጠኛ ሲመረቅ የተሸለመው ነው፤ ከደረት ኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ለሱ ብለው መተውት እንዳይሆን!"

ዕፀ ሕይወት ሆስፒታል የተሰበሰበውን የሰውዬውን ዕቃ አስከፍታ አየች። እስክርቢቶው ከነክዳኑ አለ፤ ቀለሙም አልፈሰሰም። እሱም ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ ተገኘ። የክፍያ መንገዱ፣ የቶልዌዩ፣ ካሜራ የጋሽ ጥዑመልሳንን መኪና ሰኞ ጠዋት ወደ አዲሰን ስትወርድ አንስቷታል። ከዚያ ወዲህ ግን በየትኛውም መንገድ፣ የትኛውም ካሜራ አላያትም። መኪና እንደ ጨው አይሟሟም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዕፀ ሕይወት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ሐኪሙ እብጠቱ እየቀነሰ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል እንጂ ይነቃሉ ብሏት ተስፋም ንዴትም ይዟታል። ሁለት ሦስት ቀን ለዳሬል ምን ይጠቅመዋል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይሄ እንዳይሆን ብላ ታስባለች። እዚያው ቆማ ሳለ እትዬ አስካለማርያም የልጃቸውን መኪና እየነዱ መጥተው በሩ ላይ ገጭ አድርገው አቆሙት።

"ዕፀ፣ ልጄ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ!" አሉ በመስኮቱ። "እስቲ ፓርከሩን ንገሪልኝ፤ ትኬት አይቁረጥብኝ፣ የኛ ልጅ ነው።"

ዕፀ ሕይወት የሰማችው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

"ማንን ልንገርልዎ?"

"ፓርከሩን ነዋ! ያንን ቀዩን ሰደርያ የለበሰውን።"

"ቫሌውን ማለትዎ ነው?"

"እናንተ ቫሌ ትሉታላችሁ እንዴ? እኛማ ፓርከር ነው የምንለው። ፓርክ የሚያደርግ ፓርከር ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ጥዑመ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ፓርከር ነበር።"

"ጋሽ ጥዑመልሳን? አስተማሪ አልነበሩም?"

"አገር ቤት አስተማሪ፤ እዚህ ፓርከር። እግሩን እስኪያመው ድረስ።"

"ትኬት አይቁረጥ ያሉትስ?"

"የሀገር ልጅ ለሀገር ልጅ ትኬት ይቆርጣል እንዴ? ቁልፉን ሰጥተሽው ትሄጃለሽ፣ ስትወጪ ያመጣልሻል፤ በቃ። ነውር አይደለም እኮ፣ ሁሉም ጋ እንደዚሁ ነው።"

እንግሊዝኛ እንደዚያ አይልም። በእንግሊዝኛ መኪና የሚያቆም ሰው ፓርከር ተብሎ አያውቅም፤ ዕፀ ሕይወት እንግሊዝኛውን አጣርታ ስለምታውቅ ነው ነገሩ በአጠገቧ ያለፋት። እሷ የሰው ወይም የቦታ ስም ነው ብላ ስትከተለው የሰነበተችው ቃል የኛ ሰው ከ"ፓርክ" ራሱ የሠራው፣ በየሕንፃው በር ላይ በየቀኑ የሚጠራበት ነው። በራሷ ተናደደች። እትዬ አስካለማርያምን ግንባራቸውን ስማ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ሊናን በመውጫ ሰዓቷ አገኘቻት።

"ሊና፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ትርጉሙን ተዪው። ሽማግሌው ያወጡትን ድምፅ ብቻ፣ እንደሰማሽው አድርገሽ አውጪልኝ።"

"ሰው እየሰማን?"

"እባክሽ።"

ሊና አፍራ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ አድርጋ አወጣችው። "ፓርከ-ሩን። ተ-ው-ት።"

"እንደገና።"

"ፓርከሩን ተዉት።"

ዕፀ ሕይወት አሁን ሰማችው። ለሊና ጆሮ "ረን" ሩጫ ነው፤ "ቶው ኢት" ደግሞ ጎትቱት ነው፣ ያውም በመኪና ማቆሚያ ውስጥ! ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ የሰማችውን በምታውቀው ቋንቋ ነው የሰማችው። ጋሽ ጥዑመልሳን ግን ማንንም አልከሰሱም። ደማቸው እየፈሰሰ ሲለምኑ ነበር። ፓርከሩን ተዉት። አትንኩት፣ ልቀቁት። ዕፀ ሕይወት እንባዋ መጣ፤ ሊና ፊት ስለሆነ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ አለፈችው።

"ቫሌዎቹ መኪናውን የት የት ነው የሚያቆሙት?"

"ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱ ከሞላ ደግሞ ከመሬት በታች፣ ከኋላ በኩል። እዚያ የሚገቡት እነሱ ብቻ ናቸው።"

"ሰኞ ፈትሸነዋል?"

"ለምን ይፈተሻል? መኪናዋ ሄደች አይደል የተባለው?"

ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ ነው። መኪናዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ፣ ፊታቸውን ወደ መውጫ ሰጥተው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ መስታወት ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ወረቀት አለ። መጨረሻ ጥግ ላይ ወረቀት የሌላት ብርማ ካምሪ ቆማለች። ዕፀ ሕይወት በጎን ተሸጉጣ ከመኪናዋና ከግድግዳው መሃል ገባች። የቀኙ የኋላ መብራት ተሰንጥቋል። መከላከያው ላይ የደረቀ ደምና አንድ ሽበት ተጣብቋል።

እዚያው ሆና ካፒቴኑ ጋ ደወለች።

"መኪናዋ ከሕንፃው አልወጣችም። የመታቸው ከቫሌዎቹ አንዱ ነው፣ ምናልባትም ሳያያቸው። ክፍሉ የሚባለው ይመስለኛል።"

"ለምን እሱ?"

"ትኬት አልተቆረጠም። ትኬት ሳይቆረጥ መኪና የሚቀበለው የሀገር ልጅ ብቻ ነው፤ በሰኞ ተራ ደግሞ ሐበሻ እሱ ብቻ ነው።"

"ይሄ ማስረጃ ነው ወይስ ባህል?" አላት። "ዐቃቤ ሕጓ፣ ዳሬል ፓርከር ቁልፉን ነጥቆ እዚያ ደብቆት ቢሆንስ ትለኛለች። ሰው አምጪልኝ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ክፍሉ ተራውን ጨርሶ ሕንፃው ጎን ባለው ሜዳ የራሱ መኪና ውስጥ ተቀምጧል፤ ሞተሩ ጠፍቷል። ዕፀ ሕይወት በሩን ከፍታ አጠገቡ ገባች።

"ክፍሉ፣ በመጀመሪያ ስማኝ። ዝም የማለት መብት አለህ። ጠበቃ በሌለበት አልናገርም ማለት ትችላለህ። አቅም ከሌለህ መንግሥት ይሰጥሃል። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"መኪናዋን አግኝቻታለሁ።"

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "ነቅተው ነው? ስሜን ጠሩ?"

"አልነቁም። ሰኞ ዕለት፣ ሊና ስትደርስ የተናገሩት ነው። እኛ ነን በትክክል ያልሰማናቸው። 'ፓርከሩን ተዉት' ነው ያሉት።"

ክፍሉ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

"ሌሊቱን ፎርት ዎርዝ መጋዘን ስሠራ አድሬ ነው የመጣሁት" አለ ቀና ሳይል። "ሁለት ሥራ ነው ያለኝ። ቁልፉን ሰጡኝ፣ ተሳሳቅን፣ ወደ ላይ ወሰድኳት። እሳቸው ለካ መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ረስተው፣ እኔን ላለማስቸገር በደረጃው መጥተዋል። ፓርከር መኪና የት እንደሚያቆም ያውቃሉ፣ ሥራውን ሠርተውታላ። ወደኋላ ሳደርግ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወርድ ወድቀዋል። አዩኝ። 'ሂድ ልጄ፣ ሂድ' አሉኝ። የሊና ጫማ ድምፅ ሲቀርብ ሰማሁና… ሚስቴና ልጄ የቪዛ ኢንተርቪያቸው በሚመጣው ወር ነው። ወንጀል ካለብኝ ይቀራሉ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም። መኪናዋን ወስጄ እንደለመድኩት ፓርክ አደረግኳት።"

"ሌላ ሰው መታሰሩን አላወቅህም?"

"ቴሌግራም ላይ አየሁ። 'ፓርከር ተያዘ' ይላል። ልቤ ቆመ፤ እኔን መስሎኝ። ከዚያ የሰውዬውን ፎቶ አየሁ።"

"አይተህስ?"

"ዝም አልኩ" አለ። ሐፍረቱ ፊቱ ላይ ተሥሏል። "እህቴ፣ የተጎዱት እሳቸው ናቸው አይደል? እሳቸው ተዉት ካሉ፣ አንቺ አትተዪኝም?"

ዕፀ ሕይወት አዘነችለት፤ ከልቧ አዘነችለት። ወንድሟ ቢሆን ይሄንኑ ነበር የሚላት።

"እሳቸው የራሳቸውን ነው የተዉልህ" አለችው። "የዳሬልን ግን እሳቸውም መተው አይችሉም፣ እኔም አልችልም። ነገ ሦስት ሰዓት ካለፈ ለስድስት ዓመት እስር ቤት ሊመለስ ነው፣ ስሙ ፓርከር ስለሆነ ብቻ። ሌላ ምንም አላደረገም።"

"ልጅ አለው?"

"አሥር ዓመቷ ነው።"

ክፍሉ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። የሚቀጥለው ተራ ልጆች ቀይ ሰደርያቸውን ለብሰው ቁልፍ ይቀበላሉ።

"ጠበቃውን በኋላ እጠራለሁ" አለ። "አሁን አንቺ ጻፊ። ፓርከሩ እኔ ነኝ።"

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳሬል ፓርከር ዕቃው ያለበትን የወረቀት ከረጢት ይዞ ወጣ። ዕፀ ሕይወት በሩ ላይ መኪናዋን አቁማ ትጠብቀው ነበር፤ አመክሮ ቢሮው ድረስ ላድርስህ አለችው። ገባ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ሰላምታዋን አልመለሰም።

"ሽማግሌው በትክክል ምን ነበር ያለው?" አላት።

በአማርኛ ነገረችው፤ ከዚያ ተረጎመችለት። ፓርከሩ ማን እንደሆነ፣ ሊና ምን እንደሰማች፣ እሷ ምን እንደጻፈች፣ አንድም ሳታስቀር። ዳሬል ሲያዳምጥ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ሶ፣ ሰውዬው 'ልቀቁት' ብሎ ለመናችሁ። እናንተ በዚያው ቃል ሰው አሰራችሁ።"

"እናንተ አትበል" አለችው። "ያሰርኩህ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ዳሬል ሰዓቱን አየ።

"እሱን ሌላ ቀን አስብበታለሁ። ሦስት ሰዓት እንዳይሞላብኝ፤ ንጂ።"

ሞተሩን አስነሳችና ነዳች።